ዋስ ያልነበረው አክሲዮን

በአርብ ገበያም ሆነ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ በሬ የሚገዛ የጋይንት፣ የስማዳ ወይም የእስቴ ገበሬ የሻጩን ውዳሴ ብቻ ሰምቶ ገንዘቡን አይፈታም። ጥርሱን ያያል፣ ያስኬደዋል፣ ቀንበር የለመደ መሆኑን ያጣራል፤ ሻጩን ካላወቀው ደግሞ ዋስ ይጠይቀዋል። በሬው የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ ዋሱ ይጠየቃል። ዋስትና በፍትሐ ነገሥትም በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም የታወቀ ሥርዓት ነው፤ ትልቁ ጥቅሙ ሻጩ ከገበያ ከወጣ በኋላም በቃሉ የሚያዝ መሆኑ ነው። በአገራችን የአክሲዮን ሽያጭ ለሃምሳ ዓመት ያህል የጎደለው ይኸው ነበር። ስለ አክሲዮን የተጋነነ ወሬ የበረታው ሕዝቡ ሞኝ ስለሆነ ሳይሆን መመርመሪያ ስላጣ ነው።

ከዚያ በፊትማ ጅምሩ ነበር። የ1952ቱ የንግድ ሕግ አክሲዮን ለሕዝብ የሚሸጥ አደራጅ የሽያጭ መግለጫ እንዲያወጣ ያዝዝ ነበር። በ1950ዎቹ ማብቂያም በብሔራዊ ባንክ ሥር አዲስ አበባ ውስጥ የአክሲዮን መገበያያ ቡድን ተቋቁሞ፣ አክሲዮን የያዘ ሰው የሚሸጥበት በር አግኝቶ ነበር። ደርግ በታኅሣሥ 1967 ባንኮችንና ኢንሹራንሶችን፣ በጥር ደግሞ ትልልቅ ፋብሪካዎችን ሲወርስ በሩ ተዘጋ። አክሲዮን ማኅበራት በ1980ዎቹ አጋማሽ ዳግም ሲፈቀዱ መገበያያው አብሮ አልተከፈተም። ስለዚህ በ2000ዎቹ የአክሲዮን ማስታወቂያ ሬዲዮና ቴሌቪዥኑን ሲሞላው ዋጋውን የሚያውጀውም፣ ትርፉን የሚተነብየውም ሻጩ ራሱ ነበር። ገዢው ቢጠራጠር የት ወስዶ ይሸጠዋል? ብሔራዊ ባንክ በ2004 መጀመሪያ ለአዲስ ባንክ የሚጠየቀውን የተከፈለ ካፒታል ከ75 ሚሊዮን ወደ 500 ሚሊዮን ብር ሲያሳድገው፣ በምሥረታ ላይ ከነበሩት ሳይከፈቱ የቀሩ አሉ።

ቀድሞ የገባ አልከበረም ወይ፣ ጥንቃቄ ድኻውን ድኻ አድርጎ ያስቀረዋል የሚል ሙግት ይነሳል። እውነትነት አለው። አዋሽ ባንክ በ1987 ሥራ ሲጀምር 486 ባለአክሲዮኖችና 24.2 ሚሊዮን ብር ነበረው፤ ያኔ የገቡት ተጠቅመዋል። የጠቀማቸው ግን የሥራ ፈቃድ ያለው፣ ሒሳቡ በየዓመቱ የሚመረመር ባንክ እንጂ የአስተዋዋቂ ቃል አይደለም። ነገሩ የከተሜ ጉዳይ ነው የሚለውንም አልቀበልም። የደጋው ሰው ልጆች መተማና ሁመራ ሰሊጥ አጭደው፣ አዲስ አበባና ዐረብ አገር ሠርተው ገንዘብ ይልካሉ። ምድሩ በተሸረሸረበት፣ ብዙ ቤተሰብ በሴፍቲኔት በሚረዳበት አገር እንዲህ ያለ ጥሪት አንዴ ከጠፋ የሚተካው የለም።

ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። በአዋጅ 1248/2013 የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ተቋቁሟል፤ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያውም በጥር 2017 ተመርቋል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 አንዱን በ300 ብር ለሽያጭ ካቀረባቸው 100 ሚሊዮን አክሲዮኖች የተሸጡት 10.7 ሚሊዮን ያህል መሆናቸው ሕዝቡ ስም ብቻ አይቶ እንደማይገዛ ያሳየ ይመስለኛል። ስለዚህ አክሲዮን ሻጭ ነፋስ መውጫ ሲመጣ፣ ወይም በስልክ ሲደውል፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት በባለሥልጣኑ የጸደቀ የሽያጭ መግለጫውን፣ የተመረመረ ሒሳቡንና መልሳችሁ የምትሸጡበትን ቦታ አሳየን በሉት።