ብድር፣ ድርሻ፣ መዋዕለ ንዋይ፦ የጅቡቲ ባቡር ዕዳ በቃላት ሲታይ

«ብድር» በአማርኛ የሚመለስ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ «ብድር መመለስ» የውለታም የበቀልም ምላሽ ይሆናል። ቃሉ ሰጪንና ተቀባይን ያስራል። «መዋዕለ ንዋይ» ግን ይህ ማሰሪያ የለውም። መዋዕል በግእዝ «ቀናት፣ ዘመን» ሲሆን፣ በአማርኛ ጆሮ «ማዋል»ን ያስታውሳል፤ ስለ መመለስ የሚናገረው ነገር የለም።

ልዩነቱ በባቡሩ ታሪክ ጎልቶ ይታያል (ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ። ኩባንያው ሲከስር ጉዳቱ አስቀድሞ በባለድርሻዎቹ ላይ ወደቀ፤ መንገዱም በ1908 ለሌላ ኩባንያ ተላልፎ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ።

ከመቶ ዓመት በኋላ ድርሻና ብድር ጎን ለጎን መጡ። በ2013 ቻይና መርቻንትስ የተባለው ኩባንያ የጅቡቲን ወደብ 23.5 በመቶ ገዛ፤ ይህ መዋዕለ ንዋይ ነው። በ2017 ጅቡቲ ላይ የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን በአብዛኛው በቻይና ኤክዚም ባንክ ብድር ተሠራ። ገበያ ሲቀዘቅዝ ባለድርሻው ትርፉ ይቀንስበታል፤ ብድር ግን በቀኑ ይጠየቃል፣ ከፋዩም የመንግሥት ግምጃ ቤት ነው። ኢትዮጵያም በ2018 የባቡር ብድሯ መክፈያ ከ10 ወደ 30 ዓመት መራዘሙን አስታወቀች።

መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሁለቱን በአንድ ፍቺ ሥር ቢያኖራቸው፣ ኪሳራው በማን ላይ እንደሚወድቅ አንባቢ ከቃሉ ሊረዳ አይችልም።