ንጋት ሐይቅ ላይ ጀልባ ከመቅዘፋችን በፊት

ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የለንም። ስለዚህ የእኛ ትውልድ የውሃ ዳር ሽርሽር ሲባል ትዝ የሚለው ላንጋኖ ወይም ባሕር ዳር ነው፤ አሶሳን ማን አስቧት! አሁን ግን በቤኒሻንጉል ጉምዝ፣ ጉባ ላይ፣ ተራሮች ደሴት የሆኑበት፣ ውሃው በየሸለቆው ገብቶ ጸጥ ያለበት ሐይቅ ተወልዷል፤ ንጋት። ሲሞላ ስፋቱ 1,874 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የጣናን ግማሽ ያልፋል።

ሐይቁ አዲስ ነው፤ አገሩ ግን አሮጌ ነው።

ዓባይ ለጀልባ እምቢ ያለ ወንዝ ነበር። በ1895 ዓ.ም. አሜሪካዊው ማክሚላን በብረት ጀልባ ልውረደው ቢል ጀልባዎቹ ብዙ ሳይሄዱ ተሰባበሩበት። ከ1918 ዓ.ም. ጀምሮ የእንግሊዙ ቆንስል ቺዝማን ወንዙን ያጠናው በበቅሎና በእግር እየተከተለ ነው። በ1960 ዓ.ም. ክረምት በብላሽፎርድ ስኔል የተመራው ቡድን ከደጀን በታች ካለው ድልድይ ተነስቶ እስከ ሲርባ ወረደ፤ በዘመቻው ግን አንድ ወታደር ውሃ በላው።

ፈረንጆቹ ይህን «አሰሳ» አሉት። ጉምዞች ግን አዞና ጉማሬ ባለበት በዚያው ወንዝ ዓሣ ሲያጠምዱ፣ ወርቅ ሲያጥቡ፣ ዳር ዳሩን ማሽላ ሲዘሩ ኖረዋል። ለእነሱ ምኑ ይታሰሳል?

ጣጣውንም ያመጣው ወርቁ ነው። ለወርቁም ለባሪያም ሲባል አካባቢው ከየአቅጣጫው ተዘምቶበታል። በ1890 ዓ.ም. የራስ መኮንን ጦር ገባ። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክና እንግሊዝ የተፈራረሙት ውል ድንበሩን አሰመረ፤ ያለ ስምምነት ዓባይን የሚያቆም ሥራ እንዳይሠራም አገደ። አገሬውን «ምን ትላለህ?» ያለው አልነበረም።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የግድቡ መሠረት ተጣለ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ቦንድ ገዝተናል፣ በ8100 መልእክት ልከናል፤ ኩራታችን የምር ነው። ነገር ግን ለውሃው ሲባል ከመንደራቸው የተነሱ ሰዎች አሉ። በ2013 ዓ.ም. መተከል ውስጥ የፈሰሰውን የንጹሐን ደምም ረስተን «ገነት» ብንል ያስተዛዝበናል።

ታዲያ አንሂድ? እንሂድ እንጂ! ግን ጀልባውን የሚነዳው፣ የሚያስጎበኘው፣ ዓሣውን የሚሸጠው ማን እንደሆነ እንጠይቅ። የተነሱት ሰዎች ከሽርሽሩ ገንዘብ ድርሻ ከሌላቸው እኛም ከ1894ቱ ፈራሚዎች ብዙ አልተሻልንም።

ለደሴቶቹም አዲስ ስም ለማውጣት አንቸኩል። ተራራ ሳሉ ስም ነበራቸው። የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሳያልፉ ይጠየቅና ይጻፍ።