ቀለም የቀመሱ ልጆች

በአገራችን አንድ ሰው መማሩን ስንናገር «ቀለም የቀመሰ» እንላለን። አባባሉ የብራናንና የቀለም ቀንድን ዘመን የሚያስታውስ ነው። ቀለም እውቀት ነው፤ እሱን የቀመሰም የተከበረ ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ግን በምሳሌ ሳይሆን በእውነት ቀለም ስለሚቀምሱ ልጆች ነው፤ ከአሮጌ በርና መስኮት የሚረግፈውን ቅርፊት በጣታቸው ነክተው ወደ አፋቸው ስለሚወስዱት፣ ቤት ሲታደስ የሚቦነውን አቧራ ስለሚተነፍሱት። ጉዳዩ የሕክምና ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ረዘም ያለ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም በጎንደርና በወገራ ደጋ በኩል ያልፋል።

ለመሆኑ የጥንቱ ቀለም ምን ነበር? ጸሐፊው የሚበጠብጠው ጥቁር ቀለም ከጥላሸትና ከተቆላ እህል የሚዘጋጅ ነበር። የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች የተጠቀሙባቸው ቀለሞች በቤተ ሙከራ ሲመረመሩ፣ ቀዩ ሜርኩሪ ካለበት ማዕድን፣ ቢጫው ደግሞ አርሴኒክ ካለበት ማዕድን የተገኘ መሆኑ ታውቋል። ሁለቱም መርዝ ናቸው። ይሁን እንጂ ማኅደር ውስጥ በሚቀመጥ መጽሐፍና በመቅደስ ግድግዳ ላይ ነበሩና ዳዴ የሚል ሕፃን አይደርስባቸውም። አፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 የቆረቆሯት ከተማ ግንቦች ድንጋይና ኖራ ናቸው። የተራው ሰው ቤት ደግሞ እንጨት፣ ጭቃና ጭድ ነበር። ግድግዳው ተመርጎ በእበት፣ በአመድ ወይም በነጭ አፈር ይለቀለቃል። ለበዓል የሚያምረው ቤት የሚያምረው በእናቶች እጅና በአፈር ነበር።

የዘይት ቀለም በብዛት የገባው ከቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከመኪና መንገድና ከብረት በር ጋር ነው። የጣሊያን ጦር መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር ገባ፤ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እዚያው ጎንደር ላይ እጁን ሰጠ። በነዚያ ጥቂት ዓመታት አርክቴክቱ ጌራርዶ ቦዚዮ የከተማዋን ፕላን ነደፈ፤ ዛሬም የምናያቸው የፒያሳ ሕንፃዎች ቆሙ፤ ከጎንደር በወገራና በሊማሊሞ አድርጎ ወደ አሥመራ የሚያወጣው መንገድ ተሠራ። አምባ ጊዮርጊስ በዚህ መንገድ ላይ ያለች፣ ብርዷ አጥንት የሚሰብር የደጋ ከተማ ናት። ቆርቆሮውም፣ ሲሚንቶውም፣ የቀለም ጣሳውም የሚደርሳት በዚሁ መንገድ ነው።

የቀለም ቀቢዎቻችን ቋንቋ የዚያን ዘመን አሻራ እስከ ዛሬ ይዟል። ስንጥቁን የሚደፍኑበት ስቱኮ፣ ነጩ ጀሶ፣ ቀለሙን የሚያቀጥኑበት አኳራጅ፣ የሚፍቁበት ስፓቱላ፣ ሁሉም የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው። ከቃላቱ ጋር የመጣው ዕቃስ? በዚያ ዘመን በአውሮፓ «ነጭ እርሳስ» የሚባለው ዱቄት በዘይት ተለውሶ ለእንጨት የሚቀባ የተለመደ ቀለም ነበር። ብረት እንዳይዝግ የሚቀባው፣ ጣሊያኖች «ሚኒዮ» የሚሉት ቀይ ቀለምም የእርሳስ ውጤት ነው። ደማቁ ቢጫ ብዙ ጊዜ የእርሳስና የክሮሚየም ውሁድ ነበር። እርሳስ ቀለሙን ቶሎ ያደርቀዋል፤ ድምቀትና ዕድሜ ይሰጠዋል። ስለዚህ ነጋዴም፣ ቀቢም፣ ባለቤትም ወደዱት።

በነገራችን ላይ በአማርኛ ተማሪው የሚጽፍበትንም ማዕድኑንም «እርሳስ» እንላለን። የተማሪው እርሳስ ውስጥ ግን እርሳስ የለም፤ ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዓይነት ነው። ልጁ እርሳሱን ቢያኝከው በእርሳስ አይመረዝም። የሚያሰጋው የተደገፈበት መስኮት ነው።

ጉዳቱ ትናንት የተገኘ ምሥጢር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1904 ሎክሃርት ጊብሰን የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም በክዊንስላንድ ልጆች ላይ ያየውን መመረዝ ምንጩን ተከታትሎ ከቤታቸው በረንዳ አጥር ላይ አገኘው። ፀሐይ ቀለሙን ታደቅቀዋለች፤ ዱቄቱ በልጆቹ እጅ ላይ ይጣበቃል፤ እጅ ደግሞ ወደ አፍ ይሄዳል። ይህን ሳነብ በሐሳቤ የመጣው የደጋችን ፀሐይ ነው። እሷም ከክረምቱ ዝናብ ጋር እየተፈራረቀች የበሮቻችንን ቀለም እንዲሁ ነው የምታደቅቀው። እ.ኤ.አ. በ1921 የዓለም የሥራ ድርጅት ጄኔቭ ላይ ባጸደቀው ስምምነት ነጭ እርሳስ ለሕንፃ ውስጥ ቅብ እንዳይውል ከለከለ። አሜሪካ የእርሳስ ቀለምን ለቤት እንዳይሸጥ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። እውቀቱና እርምጃው ምን ያህል እንደተራራቁ ልብ ይሏል።

ሐኪሞች የሚሉት አጭርና ግልጽ ነው። እርሳስ ለሰውነት አንዳች ጥቅም የለውም። ሕፃናት ከሚውጡት እርሳስ ወደ ደማቸው የሚዘልቀው ከአዋቂው ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይሆናል፤ ብረትና ካልሲየም ያነሰው ልጅ ደግሞ ይበልጥ ይስበዋል። የሚጎዳው አእምሮን ነው፤ ትምህርት የመቀበል ችሎታን ይቀንሳል። በአጥንት ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል፤ ከእርጉዝ እናት ወደ ፅንስ ይተላለፋል። የዓለም የጤና ድርጅት ጉዳት የማያስከትል መጠን አይታወቅም ይላል። ልጁ ግን ትኩሳት የለው፣ አይስል። «ትምህርት አልገባው አለ» ይባላል፤ «ፈዛዛ ነው» ይባላል፤ በቃ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ባወጣው የበርካታ አገሮች ጥናት ውስጥ ከኢትዮጵያ ገበያ ተገዝተው ከተመረመሩት የዘይት ቀለሞች አብዛኞቹ ከፍተኛ እርሳስ ተገኝቶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ማለትም በ1 ኪሎ የደረቀ ቀለም ውስጥ ከ90 ሚሊግራም እንዳያልፍ። መልካም ሕግ ነው። ሆኖም ሕጉ የሱቁን ጣሳ ይቆጣጠር ይሆናል እንጂ ከዚያ በፊት የተቀባውን በር አይፍቀውም። ስለዚህ በእኛ አገር «አሮጌ ቀለም» ስንል የጣሊያን ሕንፃ ብቻ አይደለም። ከ2010 ዓ.ም. በፊት በዘይት ቀለም የተቀባ የትምህርት ቤት በር፣ የክሊኒክ መስኮት፣ የግቢ መዝጊያ ሁሉ ሊጠረጠር ይገባዋል። በዓይን ዓይቶ መለየት አይቻልም፤ ቤተ ሙከራ ነው የሚለየው። ምርመራ በሌለበት ግን ጥርጣሬ ራሱ መከላከያ ነው።

አደጋው የሚነቃው ደግሞ ስናድስ ነው። ያልተላጠ ቀለም እንደተኛ እባብ ነው። አምባ ጊዮርጊስ በሄድኩ ቁጥር የማየው የእድሳት ሥራ አንድ ዓይነት ነው። ቀቢው አሮጌውን ቀለም በስፓቱላ ይፍቃል፤ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ ይፈትገዋል። አቧራው ይቦናል። ከሥር ሕፃናት ይጫወታሉ፤ ዶሮ ይጭራል፤ እህል ተሰጥቷል። ማታ ቀቢው በዚያው ልብሱ ልጁን ያቅፋል። የተነቀለው መስኮትና የጣሪያ ጣውላስ የት ይሄዳል? ማገዶ በተወደደበት በዚያ ብርድ ማን ይጥለዋል! ወደ ምድጃ ይገባል። ከተቀባ እንጨት የሚወጣው ጢስ ግን እርሳሱን ይዞ ቤቱን ይሞላል፤ አመዱም መርዝ ሆኖ ይቀራል።

ዋሽንግተን አካባቢ ዘመድ ያለው አንባቢ ይጠይቅ። ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት የሚገዛ ኢትዮጵያዊ ስለ እርሳስ ቀለም የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ሳይሰጠው አይፈርምም፤ ይህ ግዴታ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ እንዲህ ያለውን ቤት በክፍያ የሚያድስ ባለሙያ ሥልጠናና የምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። «ያ የሀብታም አገር ሕግ ነው» የሚል አይጠፋም። የሕጉን ፍሬ ነገር ሲያዩት ግን አብዛኛው ውሃ፣ ፕላስቲክና ጥንቃቄ ነው። ቀለሙ ካልተላጠ አትፋቀው፤ አጽድተህ በአዲስ ቀለም ሸፍነው። መፋቅ ግድ ከሆነ በውሃ አርስ፤ በደረቁ አትፈትግ፤ በእሳት እየለበለብክ አታንሣ። ልጆችንና እርጉዝ ሴቶችን አርቅ። እህሉን፣ የውሃ ዕቃውንና መኝታውን አውጣ። ወለሉ ላይ ፕላስቲክ አንጥፍ። ፍቅፋቂውን ከነፕላስቲኩ ጠቅልለህ እሰር። በደረቅ መጥረጊያ አትጥረግ፤ በእርጥብ ጨርቅ ወልውል። ከምግብ በፊት ታጠብ፤ ልብስህን ቀይረህ ወደ ቤት ግባ። የተቀባ እንጨት አትማግድ። ከዚህ ሁሉ ገንዘብ የሚጠይቀው ጥቂቱ ነው፤ ዋናው የጥሩ አቧራ መከላከያ ጭንብል ነው፤ አፍንጫ ላይ የታሰረ ነጠላ ደቃቁን አቧራ አያግደውም።

ጎንደር በድንጋይ ተመሳሳይ ትምህርት ተምራለች። በጣሊያን ዘመን ግንቦቹ ሲጠገኑ ሲሚንቶ ገባባቸው። ሲሚንቶው ለኖራው ሕንፃ የማይስማማ መሆኑ ሲታወቅ፣ በኋላ የመጡት ጠጋኞች ወደ ኖራ ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ፋሲል ግቢ ከመነካቱ በፊት ዛሬ ባለሙያ «ከሥሩ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቃል። በቅርብ ዓመታት ከጎንደር እስከ አዲስ አበባ የኮሪደር ልማት የመንገድ ዳር ሕንፃዎችን እያስፈቀና እያስቀባ ነው። ለግንቡ የጠየቅነውን ጥያቄ ለድሃው ቤት በርና ለትምህርት ቤቱ መስኮት ለምን አንጠይቅም?

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ቤቱን የሚያሳድስ ባለቤት ከቀቢው ጋር የቀለሙን ዓይነትና የቀኑን ዋጋ ይነጋገራል። በዚያው ውል ላይ አንድ መስመር ቢጨምር ምን ይጎዳዋል? «አሮጌው ቀለም በውሃ ርሶ ይፋቃል፤ ፍቅፋቂው ተሰብስቦ ይታሰራል፤ ልጆች ሥራው አልቆ ወለሉ እስኪወለወል አይገቡም።» ይህችን ለመጻፍ አዲስ ደንብ መጠበቅ አያስፈልግም። ለትምህርት ቤት እድሳት መዋጮ የሚያወጣ ወላጅም ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት «አሮጌውን ቀለም በምን ልታነሡት ነው?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው።