ከጥር 23 በኋላ ፈረሱ የት ይግጣል?

በብስክሌት በቡድን አገር የሚጎበኝ ሰው መንገድ መሪ አለው፤ የደከመውን የምትጭን መኪናም ከኋላ ትከተላለች። ሰማዩ ከጠቆረ ጉዞው ለነገ ያድራል። እንጅባራ ላይ ግን በቡድን መጋለብ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ፈረስ ነው።

የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ዘመኑን ልብ በሉ! ጣሊያን ገና ከአገር አልወጣም፤ ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል የገቡት በጥር 1933 ነው። የዓድዋ ፈረሶችን ውለታ ለማሰብ በዚያ ሰዓት መሰባሰብ ቀላል ድፍረት አልነበረም። በዓሉ የሚውልበት ጥር 23 እንደ ዓድዋው የካቲት 23 የጊዮርጊስ ዕለት ነው። ለጋላቢም ይመቻል፤ በጥር ሜዳው ደርቋል።

ክረምቱ ሌላ ነው። እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ደጋ ናት፤ ጠዋት የወጣ ፀሐይ ከሰዓት በዶፍ ይተካል፣ ጭቃው እግር ይይዛል። ፈረሱ ያኔም ከሥራ አይወጣም። በአዊ በፈረስ ይታረሳል፣ ሙሽራ ይታጀባል፣ ለቅሶ ይደረሳል። ለቅሶ ደግሞ ዝናብ እስኪያባራ አይጠብቅም፤ የምትጭን መኪናም የለችም።

ዛሬ ስለ በዓሉ ሲወራ ወሬው በአብዛኛው ቱሪዝም ነው። ካሜራው ጥር ላይ መጥቶ ጥር ላይ ይሄዳል። መኖ ግን የዓመት ወጪ ነው። በእንጅባራ አቅራቢያ በፋግታ ለኮማ ብዙ የእርሻና የግጦሽ መሬት ለከሰል በሚተከለው ዲከረንስ ተሸፍኗል። ገበሬው አይፈረድበትም፣ ዛፉ ገንዘብ ያመጣል። ስለ በዓሉ ድምቀት በሚመከርበት ጉባኤ ላይ ግን የግጦሹ ጉዳይ መጀመሪያ መነሳት ነበረበት።