የጎደለ ቁጥር አሞላል ታሪክ፦ በጅቡቲ የመብራት ሂሳብ ሲታይ

የዘላቂነት ሪፖርት አንድ ኩባንያ በአካባቢና በኅብረተሰብ ላይ ያሳደረውን ተጽዕኖ የሚያሳውቅበት ሰነድ ነው። ሰነዱ የሚቆመው በቁጥር ሲሆን፣ ቁጥሩ ግን ተሟልቶ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት ነው። የመብራት ቢል ይጠፋል፣ ቆጣሪ ይበላሻል፣ የጭነት መኪና ባለንብረት የነዳጅ መዝገብ ሳይዝ ይቀራል። ጉድለቱን መሙላት የራሱ ደንብ ያለው ሙያ ሆኖ ያደገው ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የሙያው ሥር በስታቲስቲክስ ይገኛል። አሜሪካዊው ዶናልድ ሩቢን በ1976 ባሳተመው ጽሑፍ መረጃ የሚጎድልበትን ምክንያት መመርመር እንደሚያስፈልግ አሳየ። ከዚህ ሥራ የተነሣው አከፋፈል ሦስት ነው፦ በአጋጣሚ ብቻ የጎደለ፣ በሌላ የሚታወቅ ነገር የሚብራራ፣ በራሱ በቁጥሩ ጠባይ ምክንያት የጎደለ። ከሁሉም አሳሳቹ ሦስተኛው ነው። ብዙ ነዳጅ የሚፈጁ መኪናዎች ባለቤቶች መዝገብ የማይሰጡ ከሆነ፣ በሰጡት ባለቤቶች አማካይ መሙላት የጋዝ ልቀቱን ከእውነተኛው ያሳንሳል።

የሪፖርቱ ታሪክ ከዚህ ዘግይቶ ይጀምራል። ግሎባል ሪፖርቲንግ ኢኒሺየቲቭ የተባለው ድርጅት በ1997 በቦስተን ተመሥርቶ የመጀመሪያ መመሪያውን በ2000 አወጣ። በ2001 ደግሞ የኩባንያዎችን የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት የሚቆጥረው ጂኤችጂ ፕሮቶኮል ታተመ። ፕሮቶኮሉ ሪፖርቱ የተሟላ እንዲሆን ይጠይቃል፤ የተተወ ነገር ካለም ተገልጾ ምክንያቱ እንዲቀርብ ያስገድዳል። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ የባለሙያዎች ጉባኤ በ2006 ለአገሮች ባወጣው መመሪያ አራት ዋና የአሞላል ዘዴዎችን ዘረዘረ፦ አሮጌና አዲስ አቆጣጠር በተደራረቡበት ጊዜ ማነጻጸር፣ ተዛማጅ መረጃን መጠቀም፣ በሁለት የታወቁ ዓመታት መካከል ማስላት፣ የቀድሞውን አዝማሚያ ማራዘም። ዘዴዎቹ ለኩባንያ ሂሳብም ይሠራሉ።

እነዚህ ደንቦች ሥራ ላይ ሲውሉ የቦታው ታሪክ ምን ያህል እንደሚወስን ጅቡቲ ታሳያለች። በጅቡቲ ከተማ ሰሜናዊ ክፍል ባለው የሄሮን ሰፈር የሚገኝ ቢሮ ከመንግሥታዊው የመብራት ድርጅት፣ ከኤሌክትሪሲቴ ዴ ጅቡቲ፣ ኃይል ይገዛል። እስከ 2011 ድረስ ያ ኃይል የሚመነጨው በአብዛኛው ነዳጅ ከሚያቃጥሉ የቡላኦስ ኃይል ማመንጫ ሞተሮች ነበር። በዚያው ዓመት ከኢትዮጵያ የመጣው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር ሥራ ሲጀምር፣ ከውኃ የሚመነጭ ኃይል ወደ ከተማዋ ገባ። በ2023 ደግሞ 60 ሜጋ ዋት የጉቤት የነፋስ ኃይል ተመረቀ። በመሆኑም አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት በ2010 ያስከተለው ልቀት በ2012 ካስከተለው ጋር እኩል አይደለም። የ2010ን ባዶ ቦታ በ2012 ማባዣ፣ ማለትም ፍጆታን ወደ ልቀት በሚቀይረው ቁጥር፣ የሞላ ልቀቱን ያሳንሳል፤ የ2012ን ሂሳብ በ2010 ማባዣ የሠራ ያጋንናል።

ወቅቱም እንደዚሁ መታየት አለበት። ጅቡቲ ከሰኔ እስከ መስከረም ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ የአየር ማቀዝቀዣ ሳይቋረጥ ይሠራል። የሐምሌ ቢል የጠፋበት ቢሮ የሞቃቱንና የቀዝቃዛውን ወራት ደምሮ አማካይ ቢወስድ ይሳሳታል። ለምሳሌ ባለፈው ዓመት ሰኔ 10,000፣ ሐምሌ 13,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ተጠቅሞ ከሆነና ዘንድሮ ሰኔ 12,000 ከደረሰ፣ የዘንድሮው ሰኔ ካለፈው ዓመት ሰኔ በ20 በመቶ ይበልጣል። ያለፈው ዓመት ሐምሌ በዚያው መጠን ሲጨምር 15,600 ይሆናል። ለጄኔሬተር የናፍጣ ሂሳብም የግዢ ደረሰኝ ብቻ አይበቃም፤ በዓመቱ መጀመሪያ የነበረው ክምችት ከግዢው ጋር ተደምሮ በዓመቱ መጨረሻ የቀረው ሲቀነስ ነው የተቃጠለው የሚታወቀው።

ከባዱ ጉድለት ያለው በትራንስፖርት ነው። ከጅቡቲ የተነሣው አሮጌው የምድር ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መስመር በኦክቶበር 2016 ተመርቆ በጃንዋሪ 2018 የንግድ አገልግሎት ጀመረ። አብዛኛው ጭነት ግን በከባድ መኪና ይጓጓዛል። ባለመኪናው የነዳጅ መዝገብ ካልሰጠ፣ አስመጪው የጭነቱን ቶን በርቀቱ አባዝቶ በመደበኛ ማባዣ ያሰላል። በኤሌክትሪክ ባቡር የተጫነን ዕቃ በመኪና ማባዣ መሙላት ግን ስሕተት ነው፤ የጉዞው ዓይነት መጀመሪያ መረጋገጥ አለበት።

በ2023 የወጣው የዓለም አቀፉ የዘላቂነት መስፈርቶች ቦርድ ደንብ፣ አይኤፍአርኤስ ኤስ2፣ ግምትን አልከለከለም። በአቅራቢዎችና በደንበኞች በኩል ለሚደርሰው ልቀት አንድ የመጀመሪያ ዓመት እፎይታ ሰጥቶ፣ ከዚያ በኋላ ምን ያህሉ ከራሱ ከምንጩ እንደተገኘና እንደተረጋገጠ እንዲገለጽ ይጠይቃል። ስለዚህ ባዶ ሳጥን ዜሮ ተብሎ አይሞላም፤ ግምቱ ግምት ተብሎ ይጻፋል፤ ዘዴው፣ ምክንያቱና ቀኑ አብረው ይመዘገባሉ፤ እውነተኛው ቁጥር ሲገኝ ሂሳቡ ይታረማል። ይህ የሌለበት ሪፖርት ቁጥሩ ቢሞላም ሊታመን አይችልም።