ከሥራ የማገድ ሥልጣንና ወሰኑ፦ የሲሬ ወረዳ ሠራተኛ እንደ ማሳያ

በኦሮሚያ ክልል፣ አርሲ ዞን፣ ሲሬ ወረዳ የሚሠራ አንድ የንብረት ክፍል ሠራተኛ እናስብ። በሞዴል 19 ገቢ የሆነ ማዳበሪያ በቆጠራ ጎድሎ ተገኘ ተብሎ የመጋዘኑን ቁልፍ ያስረክባል። በማግስቱ «ከሥራና ከደመወዝ ታግደሃል» የሚል ባለ ሁለት መስመር ደብዳቤ ይደርሰዋል። ደብዳቤው ማኅተምና ፊርማ አለው፤ ምክንያት ግን አልተጻፈበትም። እገዳው ሕጋዊ ነው?

መልሱ የሚጀምረው የትኛው ሕግ እንደሚገዛው ከመለየት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 52(2)(ረ) የክልል መንግሥት ሠራተኞችን አስተዳደርና የሥራ ሁኔታ የሚመለከት ሕግ የማውጣትና የማስፈጸም ሥልጣንን ለክልሎች ሰጥቷል። ስለዚህ የወረዳው ኃላፊ የማገድ ሥልጣን የሚመነጨው ከኦሮሚያ ሕግ ነው። በደብዳቤው የፌዴራሉን የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ብቻ ቢጠቅስ መሠረቱን ይስታል። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012ም የሚመለከተው የፌዴራል ተቋማትን ነው።

የፌዴራሉ ሕግ ግን የእገዳን ባሕርይ ለመረዳት ይጠቅማል። በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1064/2010 የተተካው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 ሠራተኛን ለማገድ ከሚያበቁ ግምቶች መካከል ማስረጃ ማጥፋትን፣ በመሥሪያ ቤቱ ንብረት ላይ ተጨማሪ ጥፋት መፈጸምንና ጥፋቱ ሕዝብ በመሥሪያ ቤቱ ላይ ያለውን እምነት የሚያጎድፍ መሆኑን ይጠቅስ ነበር። ደመወዝ ተይዞ ሊቆይ የሚችለው ቢበዛ ሁለት ወር ነበር፤ የእገዳው ምክንያትም በጽሑፍ ይገለጽ ነበር። ሠራተኛው ካልተሰናበተ የተያዘው ደመወዝ ያለ ወለድ ይመለስለት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ አያዎ አለ። በዚያው አዋጅ ቀላል ከሚባሉት ቅጣቶች ከባዱ እስከ አንድ ወር ደመወዝ የሚደርስ መቀጮ ሲሆን፣ ቅጣት ያልሆነው እገዳ ገና ጥፋተኛነት ሳይረጋገጥ የሁለት ወር ደመወዝ ሊይዝ ይችል ነበር። ገንዘቡ በኋላ ቢመለስም የቤት ኪራይና የአስቤዛ ወጪ ውሳኔውን አይጠብቁም። እገዳን ከቅጣት የሚለየው እንግዲህ ዓላማው ነው፤ ዓላማው የሚታወቀው ደግሞ በተጻፈው ምክንያት ነው።

ወደ ሲሬው ሠራተኛ ስንመለስ፣ ቁልፉን ካስረከበና ሰነዶቹ ከታሸጉ ማስረጃ ያጠፋል የሚለው ስጋት በእጅጉ ይቀንሳል። ወደ ሌላ ክፍል ማዛወር በቂ ሊሆን ይችላል። ኃላፊው ይህ ለምን እንዳልበቃ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ካላስረዳ፣ ይግባኝ ሰሚው የሚመዝነው ነገር አያገኝም። ከባለ ሁለት መስመሩ ደብዳቤ የጎደለውም ያ ሦስተኛው መስመር ነው።