የባሌስትራ ማረሻ

በአዳማ፣ በሞጆና በመቂ ገበያ የሚሸጠው ማረሻና ማጭድ ብዙ ጊዜ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ነው። ቀድሞ ቀጥቃጩ፣ በኦሮሞ ዘንድ ቱምቱ የሚባለው፣ የሚሠራው በከሰል ምድጃ ከማዕድን አፈር በተነጠረ ብረት ነበር። ገበሬው ያለ እሱ ማረስ ባይችልም ይንቀው ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው የበደሉን ልክ ያሳያል።

የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ አዳማም የጣቢያ ከተማ ሆና አደገች። በ1946 ዓ.ም. የሆላንዱ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. ያቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ትራክተሩና የጭነት መኪናው በዛ፤ ሲያረጅም ባሌስትራው ለቀጥቃጩ ጥሬ ዕቃ ሆነ።

ባሌስትራ ከ0.5 እስከ 0.6 በመቶ ካርቦን አለው። ቀጥቃጩ በወናፍ እሳት አግሎ ፍም ሲያስመስለው፣ ደቃቅና ጠጣር ካርባይድ ሆኖ የነበረው ካርቦን በብረቱ ውስጥ ይሟሟል። ስለቱ ውሃ ሲነከር ካርቦኑ መውጫ አጥቶ ታፍኖ ይቀራል፤ ብረቱ ይጠነክራል፣ ግን ተሰባሪ ይሆናል። ድንጋይ የመታ ማረሻ እንዳይሰበር በልኩ መልሶ ማሞቅ ያስፈልጋል። የተወለወለ ስለት 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ፈዛዛ ቢጫ፣ ወደ 300 ሲጠጋ ሰማያዊ ይሆናል፤ ቴርሞሜትር የሌለው ባለሙያ ሙቀቱን የሚለየው በዚህ ቀለም ነው። ያን ጊዜ የታፈነው ካርቦን ደቃቅ ካርባይድ እየሆነ መውጣት ይጀምራል። ሙቀቱ በጨመረ መጠን ካርባይዱ እየተሰባሰበ ይገዝፋል፤ ብረቱም ይለዝባል።

በአዳማ ጋራዦች የሚቀየረው ተራ ኩሽኔታም ከዚህ አያመልጥም፤ 1 በመቶ ካርቦንና 1.5 በመቶ ክሮሚየም ያለው ብረቱ ከ200 ዲግሪ በላይ ሲግል ጥንካሬው ይወርዳል። ከአዳማ ብዙም በማይርቀው የቢሾፍቱ አየር ኃይል ሰፈር የሚበሩት ጄቶች ሞተር ደግሞ ከዚህ የበለጠ ሙቀት የሚችል ኩሽኔታ ይፈልጋል። ለእንዲህ ያለው ሥራ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ የዋለው ኤም 50 የተባለው ብረት 4 በመቶ ገደማ ክሮሚየም፣ 4 በመቶ ገደማ ሞሊብዲነምና 1 በመቶ ቫናዲየም አለው። ይህ ብረት 540 ዲግሪ ገደማ ድረስ መልሶ ሲሞቅ፣ እንደ ማረሻው በመለዘብ ፈንታ ይጠነክራል። ሞሊብዲነሙና ቫናዲየሙ ከካርቦኑ ጋር ተዋህደው በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ የማይታይ ካርባይድ ይሠራሉ፤ ይህ ካርባይድ በ300 ዲግሪ ሙቀት ሲሠራ ቢውልም ቶሎ አይገዝፍም። ብረቱ በቀዘቀዘ ቁጥር ከመጀመሪያው ሳይለወጥ የቀረው ክፍል አዲስ ተሰባሪ ብረት ስለሚፈጥር፣ ማሞቁ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይደገማል።